ጢሜ፣ ማስኬ እና ያንቺ ኩላሊት

ይድረስ ለእህቴ ለቃጭሌ።

እንዴት ሰነበትሽ? እንዴት ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃውን እየረገምሽ ነው የምትወጪው? የደም ግፊትሽን ተለካሽ? «አዎ ተለክቻለሁ» ብለሽ እንደምትዋሺኝ ስለማውቅ ይህን ጥያቄ ለባልሽ ነው የማቀርበው። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ስለሆነ ውሸት ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ልጅሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ቤቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ዛሬ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ጠይቀሽኝ ቢሆን ሌላ ነበር መልሴ። እሱን ነው የምነግርሽ፣ ግን ቀስ ብዬ፤ አትንደርደሪ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ስናወራ አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ «እህ» እላለሁ። ገና በአራት ዓመትሽ ቃጭል ብዬ የሰየምኩሽ በከንቱ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የት እንዳለሽ ለማወቅ መፈለግ አያስፈልግም ነበር፣ ጆሮ መስጠት ብቻ። ዛሬ ግን የምናዘዘው ጥፋትና የምነግርሽ ውሳኔ አለኝ። ሁለቱንም ሳታቋርጪኝ እስከ መጨረሻው እንድትሰሚኝ የሚያደርግ ከወረቀት ሌላ መላ አላገኘሁም።

ከመሳፈራችን በፊት የላክሽልኝ ደብዳቤ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ስለታጠፈና ስለተዘረጋ መሐሉ ሊቀደድ ደርሷል። በሚቀጥለው ዓመት አራታችን፣ አንቺና ባልሽ፣ እኔና ባለቤቴ፣ አብረን በመርከብ እንጓዝ ብለሻል። ይህን ሳነብ እንደ ጎረምሳ ዘልያለሁ። ከሥሩ ግን እንዲህ የሚል አለ፦ «ነገር ግን እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም አፍህን ሸፍነህ ከጎኔ የምትቀመጥ ከሆነ አልመጣም። ወረርሽኙ ካለፈ ስንት ጊዜው! ሰው ሁሉ ማስኩን ጥሎ ረስቶታል። አንተን በማስክ ባየሁህ ቁጥር የሰጠሁህ ነገር ያላዳነህ ይመስለኛል።» ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ስድስት ዓመት ሙሉ ኩላሊትሽን ይዤ ስዞር እንዲህ ታስቢ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

ጉዞውን ታውቂዋለሽ፤ ልጆቹ የጋብቻችንን ሃምሳኛ ዓመት ሰበብ አድርገው ያዘጋጁልን ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደም ከሚያጣራው ማሽን ጋር ስታሰር ባለቤቴም አብራ ታስራ ነበር። ከከተማ ወጥታ አንድ ቀን አላደረችም። የመርከቡን መሰላል ስትወጣ እጀታውን እየደባበሰች «እውነት ነው?» ትለኝ ነበር። እኔም «እውነት ነው፣ ግን ከወደቅሽ ዋና አልችልም» አልኳት። የልጅ ልጄ፣ ያቺ ነገረኛዋ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ስልሳ ማስክ ጠቅጥቃ «አያቴ፣ ቆጥሬ ነው የሰጠሁህ፣ ቆጥሬ ነው የምቀበልህ» ብላኛለች። ፖሊስ ትሆናለች ይህቺ ልጅ።

ክፍላችን ከድሮዋ ጸጉር ቤቴ ብዙም አትበልጥም፤ ሁለት አልጋ ተገጥሞ፣ አንድ ክብ መስኮት፣ አንድ መስታወት። ኮሪደሩ ከመርዘሙ የተነሣ ቁርስ ልንበላ ወጥተን ስንደርስ ምሳ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የምግብ አዳራሹ አራት መቶ ሰው ይይዛል። መስኮቶቹ አይከፈቱም። ሰው ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ ሁሉም በአንድ ጭልፋ ይጨልፋል፤ ሁሉም ጭልፋውን ጨብጦ ያወራል፣ ያስነጥሳል፣ ይስቃል። ከአራት መቶው መሐል ማስክ ያደረግሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሊፍት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሐኪም መስያት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቷን አሳየችኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አይቼ «ደረጃ አያብዙ፣ ባልም አያብዙ» አልኳት። ከልቧ አመሰገነችኝ። ባለቤቴ ግን ከሊፍቱ እስክንወጣ ክንዴን ስትቆነጥጠኝ ነበር፤ እስካሁን ሰማያዊ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ገበታችን ላይ አብሮን የተመደበ አንድ ጡረተኛ ዳኛ አለ። ቁመናው ግርማ ያለው፣ ንግግሩ በልክ የሆነ ሰው ነው። ጸጉሩ ግን፣ ቃጭሌ፣ ጸጉሩ! ሰባ ዓመት ከሞላው ግንባር በላይ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጸጉር፣ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ንፋስ የማያውቀው። አርባ ሁለት ዓመት ሰው ጸጉር ላይ የኖረ ሰው ዊግ አይቶ ዝም ማለት እንደማይችል ታውቂያለሽ። ሁለት ቀን ምላሴን ነክሼ ቻልኩ። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ፣ በዚያ በጸጉር ቤት ቃናዬ፣ «ጌታዬ፣ ሲተኙ ጸጉርዎ አብሮዎት ይተኛል ወይስ የራሱ አልጋ አለው?» አልኩት።

በጸጉር ቤቴ ይህን የመሰለ ቀልድ በቀን አሥር ጊዜ እናገር ነበር፤ አንድም ሰው ተቀይሞ አያውቅም፤ ምክንያቱም ደንበኛው በመስታወቱ ውስጥ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ ያያል። የረሳሁት ነገር ይህ ነው። ከማስኩ ሥር አፌ ተከፍቷል፤ ዳኛው የሚያየው ግን ሁለት ደረቅ ዓይንና ነጭ ጨርቅ ነው። ሹካውን አስቀመጠ። ፊቱ ጠቆረ። «ፊታቸውን ሸፍነው ሰው የሚያዋርዱ ብዙዎች ፊቴ ቀርበዋል፤ ችሎት ላይ ግን እንዲገልጡ አዛቸው ነበር» አለ። ባለቤቴ ሳህኗን አየች። እኔም ደንግጬ፣ መሳቄን ለማሳየት ብዬ፣ ማስኩን ወደ አገጬ ሳብኩና «ይኸው! እየሳቅሁ ነው!» አልኩ፤ የጎደሉት ሁለቱ ጥርሶቼም አብረው መሰከሩልኝ።

ዳኛው ትንሽ አየኝ። ከዚያ ዊጉን እንደ ባርኔጣ ብድግ አድርጎ፣ በራውን እያሳየኝ፣ «የራሱ ሣጥን አለው፤ አልጋ ለሱ ይበዛበታል» አለ። ሳቁ ገበታውን አነቃነቀው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወዳጆች ሆንን። ማስኩም ኪሴ ገባ።

አራት ቀን፣ ቃጭሌ። አራት ቀን ሙሉ እንደ ሰው ሁሉ ፊቴን ገልጬ በዚያ አዳራሽ በላሁ፣ ካርታ ተጫወትኩ፣ ፉክክር ይዘን ተሳሳቅን። ባለቤቴ «ማስክህስ?» ስትለኝ «ነገ» እላታለሁ። በውስጤ ግን ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ያንቺን ደብዳቤ የይለፍ ወረቀት አደረግሁት። ኩላሊቱን የሰጠችኝ ራሷ አውልቅ ካለች እኔ ማን ነኝ የምሸፈን? አልኩ። አየሽ ተንኮሌን? ጥፋቴን ገና ሳልሠራው አንቺ ላይ ላላክከው ተዘጋጅቼ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዳኛው ማሳል ጀመረ። «የአየር ማቀዝቀዣው፣ የኤሲው ነው» አለ። ከጎናችን ያለው ገበታም ያስላል፤ እነሱም የኤሲው ነው ይላሉ። በዚህ መርከብ ላይ ኤሲ ያልተከሰሰበት ጉንፋን የለም፤ ዳኛው ራሱ ያለ ምስክር ነበር የፈረደበት። በማግስቱ ጠዋት እኔ ስነቃ ጥርሴ ይንቀጠቀጣል። ትኩሳቴ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስምንት። ባለቤቴ ጫማዬን አጠለቀችልኝና ወደ ታች፣ ወደ ክሊኒኩ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ የልጅሽ እኩያ የምትሆን አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ናት። አፍንጫዬን በረጅም እንጨት ጠረገች፣ ደም ወሰደች፣ የምውጣቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አነበበች። ስታነብ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «የተተከለ ኩላሊት ነው ያለዎት?» አለችኝ። «የእህቴ ነው፤ እኔ ተከራዩ ነኝ» አልኳት። አልሳቀችም። ለሌላው ሰው ሦስት ቀን አስነጥሶ የሚያልፍ ጉንፋን ለእኔ ሌላ ነገር እንደሆነ ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ የደሙ ውጤት ሲመጣ የኩላሊቱ ቁጥር፣ ሳይጣራ ደም ውስጥ የቀረውን ቆሻሻ የሚለካው፣ ከፍ ብሏል። ስድስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ያላለ ቁጥር! ኩላሊትሽ አኩርፎ ነበር፤ የአንቺ መሆኑ በኩርፊያው ታወቀ።

ሦስት ቀን በዚያች ጠባብ ክፍል ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ተኛሁ። የአልኮል ሽታ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚያጉረመርም ሞተር፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፤ ወንበሩ ላይ ባለቤቴ። ሃምሳ ዓመት የቀለድኩባት ሴት ሐኪሟ በገባች ቁጥር ብድግ ብላ «ቁጥሩስ?» ትላለች። ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። መሞትን ፈርቼ እንዳይመስልሽ። እሺ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ። ከዚያ በላይ የፈራሁት ግን ለአንቺ ምን ብዬ እንደምነግርሽ ነው። ተኝተሽ፣ ሆድሽን ተቀደሽ፣ ከጎንሽ ቆርሰሽ የሰጠሽኝን ነገር እንዴት አጣኸው ስትዪኝ፣ «አንድ ሰው መሳቄን እንዲያይልኝ ብዬ» ልልሽ ነው? ይህን ዐረፍተ ነገር በሐሳቤ ደጋግሜ ጻፍኩት፤ አንዴም አላማረልኝም።

በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። በአራተኛው ቀን ወደ ቦታው ተመለሰ። ባለቤቴ ወረቀቱን ከሐኪሟ እጅ ተቀብላ ራሷ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ከዚያ በወረቀቱ ጭንቅላቴን መታችኝ። ያኔ ነው መዳኔን ያወቅሁት።

ሐኪሟ ከመውጣቴ በፊት አስቀምጣ ያስረዳችኝን አንቺም ስሚው፤ ለጥያቄሽ መልሱ እሱ ነውና። የሰው ገላ ዘበኞች አሉት፤ ባዕድ ነገር ሲገባ አይተው ያባርራሉ። ያንቺ ኩላሊት ምንም ያህል የእህት ቢሆን ለእነሱ ባዕድ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የምውጠው መድኃኒት ሥራው ዘበኞቹን ማስተኛት ነው፤ አንቺ የሰጠሽኝ በሰላም ተቀምጦ እንዲሠራ። ዘበኞቹ ከተኙ ደግሞ ሌባውም ዝም ብሎ ይገባል። «ዘበኞቹን እኛ አስተኝተናቸዋል፤ በሩን መዝጋት የእርስዎ ፈንታ ነው» አለችኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። ወይም ነበረ፣ እኔ ቀልድ ሳስብ አምልጦኛል።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ከዳኛው በፊት በነበሩት ቀናት በደንብ ተሸፍኜ እንደነበር ነገርኳት። አንዱን ማስክ ያድርጉ አለችኝ፤ አደረግሁ። በኃይል ይተንፍሱ አለችኝ፤ ተነፈስኩ። መነጽሬ ጉም ለበሰ፤ የጢሜ ጫፍ በግራና በቀኝ እንደ መጋረጃ ተውለበለበ። «አባባ፣ ማስኩ ጢምዎ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ፊትዎን አልነካውም። በሩን ቆልፈው መስኮቱን ከፍተው ነው ሲኖሩ የከረሙት» አለችኝ።

ጢሜን ታውቂዋለሽ። አርባ ዓመት ሆኖታል። የሱቄ ማስታወቂያ እሱ ነበር፤ ሰው ከሩቅ አይቶት «ለራሱ እንዲህ ካበጀ ለኔማ!» እያለ ነበር የሚገባው። ልጆቼ ሲወለዱ ጨብጠውታል፣ የልጅ ልጆቼ ጎትተውታል። ስታመም ጸጉሬ ሲሳሳ እንኳ እሱ አልተለየኝም። ክሊኒኩን ለቅቄ ከባለቤቴ ጋር ወጣሁ። ክፍላችን ስንደርስ ሻንጣዬን ከፈትኩና ምላጬን አወጣሁ።

ጠዋት ነበር። መርከቡ በዝግታ ይወዛወዛል። ባለቤቴ ፎጣውን አንገቴ ላይ አሰረችልኝና ሳህኑን ያዘችልኝ። አርባ ሁለት ዓመት አንድ ደንበኛ ሳልቆርጥ የኖርኩት ሰውዬ የራሴን አገጭ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፤ ባሕሩ ነው አልኳት፣ «ወይስ ኤሲው ነው?» አለችኝ። ስጨርስ ፊቴን ታጥቤ ዞርኩ። ሳህኑን አስቀመጠች። ከዚያ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ደህና አደሩ፣ አባባ» አለችኝ። አልገባኝም። ወደ መስታወቱ ዞርኩ። አገጬ ላይ ያ የአባታችን ስርጉድ አለ፣ ቃጭሌ! ልክ እሱ ነኝ። አርባ ዓመት ከጸጉር ሥር ደብቄው ኖሬያለሁ። ሃምሳ ዓመት የተቀለደባት ሴት በአንዲት ቃል ሂሳቧን ዘጋች፤ ዓይኔም ትንሽ ሳሙና ሳይገባበት አልቀረም።

አሁን ማስኩ ፊቴ ላይ እንደ ክዳን ይገጥማል። ስተነፍስ መነጽሬ አይደበዝዝም። ምግባችንን በሳህን ይዘን ወጥተን፣ በስተኋላ ባለው ክፍት ሰገነት ላይ፣ ንፋሱ ናፕኪናችንን እየነጠቀን እንበላለን። ትናንት ዳኛው ሳሉ ለቆት፣ ዊጉን ንፋሱን ፈርቶ ሣጥኑ ውስጥ ትቶት፣ ማስክ አድርጎ መጣ። ራቅ ብሎ ቆመና «በኤሲው ላይ የሰጠሁትን ፍርድ ሽሬዋለሁ፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋተኛውስ እኔ ነኝ፤ እርስዎ ግብረ አበር ነዎት» አልኩት። ስለ ሳቄም መላ ተገኝቷል። ስቀልድ ባለቤቴ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ «ቀልድ ነው» ትላለች። አንዳንዴ ሳልቀልድም ትመታለች፤ ትናንት አስተናጋጁን ውሃ ብጠይቀው «ቀልድ ነው» ብላ አስቀረችብኝ።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይኸውልሽ። ማስኬን አላወልቅም። መርከብ ላይ፣ መስኮት በማይከፈትበት አዳራሽ፣ በሊፍቱ፣ በኮሪደሩ፣ በቴአትር ቤቱ፣ አራት መቶ ሰው አንድ አየር በሚካፈልበት ቦታ ሁሉ አደርገዋለሁ። ሰው ምን ይለኛል አልልም፤ በሰባ ስድስት ዓመቴ ሰው ያላለኝ ነገር አልቀረም። ንፋስ ባለበት ሰገነት ላይ፣ በባሕሩ ዳር፣ በአንቺ ቤት በረንዳ አወልቀዋለሁ፤ አየሩንም እጠግበዋለሁ። ወረርሽኙ ለሌላው አልፏል፤ እሰየው! እኔ ግን ማስኬን የማደርገው ለወረርሽኙ መታሰቢያ አይደለም።

አላዳንኩህም ላልሽውም ቃልሽን መልሰሽ ውሰጂ። ያላዳንሽኝ ቢሆን ባሕር ላይ ምን እሠራለሁ? ያ ማሽን ከእኔ ጋር መርከብ አይሳፈርም ነበር። እኔ ዛሬ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተሳደብኩ፣ ሽንቴን በሰዓቱ ሸናሁ፤ ይህ ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው። የማይረባ ዕቃ ያለው ቤቱን አይቆልፍም፤ እኔ ቤት ግን የሚቆለፍበት ነገር አለ። ማስክ ለብሼ ስታዪኝ «ያላዳንኩት» አትበይ፤ «የሰጠሁትን ያወቀበት» በይ። ሳላውቅበት የቀረሁትን አራት ቀን ደግሞ ይቅር በዪኝ። ይህን በቀልድ ውስጥ ሸጉጬ ላሳልፈው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ይቅር በዪኝ፣ እህቴ።

በሚቀጥለው ዓመት አራታችንም እንሄዳለን። እኔ እንደ ወሰንኩት ሆኜ ነው የምሄደው፤ ከዚህ ፍንክች የለም። ላንቺም ማስክ አዘጋጅቻለሁ፤ አንድ ኩላሊት የቀረሽ ሰው ነሽና አንቺም ልብ ብትይ አይከፋም። ያንቺን አፍ ደግሞ አንድ ጨርቅ ዝም ያሰኘዋል ብዬ አልሰጋም። መልስሽን አጭር አድርጊው። «እመጣለሁ» የሚል ከሆነ ወዲያው አነብበዋለሁ፤ «አልመጣም» የሚል ከሆነ ግን መነጽሬ ባሕር ውስጥ ወድቋልና ማንበብ አልችልም።

ለባልሽ ብዙ ሰላምታ። ያን ጢሙን ቀስ እያለ ይሰናበተው፤ ምላጩን ስዬ እመጣለሁ፣ እሱን ግን አልቆርጠውም። ለልጅሽ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሐኪሟን ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኝ ነበር። ለታላቁ የልጅ ልጅሽ ዕዳዬን አልረሳሁም፣ ቃል የገባሁለትን የመርከቡን ፎቶ እልክለታለሁ በዪው፤ ለታናሿ ደግሞ የአያትሽ ወንድም ጢሙ ጠፋበት፣ ያገኘ ይመልስ ብሏል በያት። ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ ሰላም በዪልኝ፤ ያንቺን ወሬ እየሰማች መርፌ በጣቷ ስላልወጋች ጀግና ናት። ባለቤቴ «በጣም ትናፍቂኛለሽ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ብቻዬን አትተዪኝ፣ ነይ» ብላለች። ይህኛው ቀልድ አይደለም፤ ጠረጴዛውን አልመታችም።

ወንድምሽ

ከመርከቡ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ በስተኋላ ካለው ክፍት ሰገነት፤ ንፋሱ ብርቱ ስለሆነ ማስኬን አውልቄ የጻፍኩት።
ሐሙስ፣ ግንቦት 8 ቀን